የበዓል ስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ከልጆች ጋር በቤት ውስጥ ለማተም

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚያድጉ ልጆች በዓመት ውስጥ አንድ ነገር ይዘው የጎረቤት በር የሚያንኳኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በእንቁጣጣሽ ወንዶቹ በቀለም ያጌጠ ሥዕላቸውን ያድላሉ፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ በገና ለአያት የሚወሰድ ቡናና ስኳር አለ፤ በዒድ ጠዋት ደግሞ ጣፋጮቹ፣ ሐልዋውና ሙሸበኩ፣ ከቤት ቤት ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በፌስታል ነው የሚሄደው። ከሱቅ የሚገዛው የሚያብረቀርቅ መጠቅለያ ውድ ከመሆኑም በላይ አብዛኛው የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ሲታጠፍ ተመልሶ ይዘረጋል፣ የዱቄት ሙጫም አይይዘውም። ከራሴ ልጆችና ከግቢያችን ልጆች ጋር መጠቅለያ ማተም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የተማርኩትን፣ ያበላሸሁትንም ጭምር፣ ከወረቀቱ ምርጫ እስከ ማሰሪያው ክር ድረስ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር በደንብ ሊጨበጥ ይገባል። ልጅ ነጭ ወረቀት ሲሰጠው ቤት፣ ዛፍና ፀሐይ ይሥልበታል፤ ያ ሥዕል ሳጥን ላይ ሲጠቀለል ግን ፀሐይዋ ከሥር ትቀራለች፣ ቤቱም እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፤ ልጁም የደከመበት ነገር ሲጠፋ አይቶ ያዝናል። መጠቅለያ የሚያምረው አንዲት ትንሽ ምልክት ከዳር እስከ ዳር በተቀራረበ ርቀት ስትደጋገም ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት በየትኛውም በኩል ቢቆረጥና ቢታጠፍ መልኩን አይለቅም። ጥቂት ቀለምና ብዙ ድግግሞሽ የሚለውን ልማድ ልጁ ከያዘ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀልለዋል።

ወረቀቱን መምረጥ

ከሁሉም የሚመቸው በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በትልልቁ የሚሸጠው ካኪ ወረቀት ነው። ጠንካራ ነው፣ እርጥበት ሲነካው ቶሎ አይበሳም፣ ሲታጠፍም መስመሩን ይይዛል። ቡናማ መልኩ ግን ስስ ቀለምን ይውጣል፤ ቢጫና ፈዛዛ ሮዝ በላዩ ላይ ከነጭራሹ አይታዩም፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ደማቅ ቀይና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ግን ያምሩበታል። ሁለተኛው ምርጫዬ በስብሰባ ላይ በአንድ ጎኑ የተጻፈበት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ነው። ሥልጠና ያለቀበት መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ስለሚጥለው ቢጠይቁ ይሰጡዎታል፤ ነጭ በመሆኑ ከማእድ ቤት የሚገኙት ቀለሞች ሁሉ ይታዩበታል፣ ስፋቱም የጫማ ካርቶን ይሸፍናል። ከጀርባው ያለው የማርከር ጽሑፍ በስስ ወረቀት አልፎ የሚታይ ከሆነ ብዙና ጥቅጥቅ ያለ ምልክት ማተም ይሸፍነዋል።

ሁለቱም ካልተገኙ ባለ 80 ግራም ተራ የኤ4 ወረቀት ይበቃል። አራት ሉሆችን ሁለት በሁለት አስቀምጦ ጠርዛቸውን 1 ሳንቲ ሜትር በማደራረብ በዱቄት ሙጫ ቢያያይዟቸው ስፋቱ 41፣ ርዝመቱ 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሉህ ይወጣል። ጋዜጣ ግን ለወለል ማልበሻና ለሙከራ ብቻ ይሁን፤ ቀለሙ እጅ ላይ ይወጣል፣ ከእጅም ወደ ስጦታው ይተላለፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በከተማችን ግንባታ ስለማያቋርጥ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት በየቦታው ይገኛል፤ የወረቀት የሆነውም ሲያዩት ጠንካራና ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። የሲሚንቶ ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ይሆናልና ምንም ያህል ቢራገፍ ለልጅ እጅ አይሰጥም። ለነጭ ቀለም ሲባል ኖራ መበጥበጥም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ሙጫውና ቀለሙ

የዱቄት ሙጫ በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት አገልግሎት አለው፤ ወረቀት ያያይዛል፣ ቀጭን ቀለምንም አወፍሮ ማኅተሙ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። መለኪያው የቡና ስኒ ነው። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጓጉል ይበጠበጣል፤ ከዚያ አራት ስኒ የፈላ ውሃ እየተማሰለ በቀስታ ይጨመርበትና በዝቅተኛ እሳት ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። ነጭነቱ ለቅቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስልና ማንኪያው ላይ ሲንጠለጠል ደርሷል፤ የዱቄቱ ስታርች ውሃውን ጠጥቶ አብጧል ማለት ነው። ይህን አዋቂ ይሥራው፤ የፈላ ሙጫ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከፈላ ውሃ ይልቅ ያቃጥላል። በድሬዳዋ ሙቀት ሳይከደን ያደረ ሙጫ በማግሥቱ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት፣ ከተረፈም ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው።

ለቀለም ቀላሉ መንገድ ለትምህርት ቤት የሚሸጠው የውሃ ቀለም ነው። ሁለት ማንኪያ ቀለም ከአንድ ማንኪያ የቀዘቀዘ ሙጫ ጋር ሲደባለቅ የረጋ እርጎ ያህል ይወፍራል፤ ለማኅተም የሚፈለገው ውፍረት ይህ ነው። ከዚህ ከቀጠነ ይፈስሳል፣ ከዚህ ከወፈረ ደግሞ ምልክቱ ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ ይደፍነዋል። ቲነር የሚፈልግ የዘይት ቀለም ወደዚህ ሥራ አይግባ፤ ሽታው ለልጆች ጎጂ ነው፣ ወረቀቱም ላይ በዙሪያው የዘይት ጥላ ይተዋል።

እኔ ግን የምወደው ከማእድ ቤት የሚወጣውን ቀለም ነው፤ ልጆች ከኅትመቱ እኩል የሚደሰቱበትም ይኸው ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠልል ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ከቡና የሚገኘው ቡናማ ደግሞ አተላው ነው፤ ሦስተኛው በረካ ከተቀዳ በኋላ ጀበናው ሥር የቀረው አተላ በጥቂት ውሃ ተፍልቶ፣ ተጠልሎ፣ ውሃው ግማሽ እስኪሆን ቢተን ጠቆር ያለ ቀለም ይወጣዋል። ቀይ ሥር ተፍቆ በጨርቅ ሲጨመቅ የሚወጣው ጭማቂ ለዓይን የሚያስደንቅ ሮዝ ቢሆንም ብርሃንና ጊዜ አይችልም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቡናማነት ይደበዝዛል። ስለዚህ በቀይ ሥር የሚታተም ወረቀት ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ። እርድም ፀሐይ ላይ ሲውል ይገረጣልና ጥላ ሥር ይድረቅ።

ከሁሉም የሚበልጠው ከርከዴ ነው። ግማሽ ብርጭቆ የደረቀ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ይዘፈዘፍና ይጠልላል። ፈሳሹን በሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት፤ የመጀመሪያው እንዳለ ይሁን፣ ሁለተኛው ላይ ልጁ ሎሚ ይጭመቅበት፣ ሦስተኛው ላይ በቢላ ጫፍ የሚነሣ ቤኪንግ ሶዳ ያድርግበት። ሎሚ ያገኘው ይበልጥ ይቀላል፤ ሶዳ ያገኘው አረፋ አውጥቶ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ምክንያቱ የአበባው ቀለም በአሲድና በአልካሊ መካከል መልኩን የሚቀያይር መሆኑ ነው። የስምንት ዓመቱ የጎረቤት ልጅ መጀመሪያ ያየ ዕለት ማንኪያውን እንደያዘ ቆሞ «አቦ! ቀይ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ብርጭቆውን ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ደጋግሞ ያየው አይረሳኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከርከዴ የሚያፈላው እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመው ይንገሯቸው፤ ከርከዴ በቀይ ታትሞ ነጭ ወረቀት ላይ ሲደርቅ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ግራጫማ ሰማያዊ ይሄዳል። የዛሬው የጽሕፈት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም ካርቦኔት መሙያ ስላለው በራሱ ትንሽ አልካሊ ነው። ልጁ ይህን ካወቀ ተበላሸብኝ ብሎ አያለቅስም፤ እንዲያውም ለውጡን ይጠብቀዋል።

እነዚህ ቀለሞች ሁሉ ቀጭን ስለሆኑ እኩል መጠን ሙጫ ይደባለቅባቸዋል። ሙጫው ግን ከማልቀቅ አያድናቸውም። አንድ ዓመት ለገና በቀይ ሥር የታተመ መጠቅለያ ሳይፈተን ለልጄ አስይዤ ላክኋት፤ መዳፏ ላብ ስለነበረው ነጩ የበዓል ቀሚሷ ደረቱ ላይ ሮዝ ሆኖ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የደረቀ ወረቀት በትንሹ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጥግ ላይ ሳይታሽ ከቤቴ አይወጣም። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ያ ወረቀት በቀሚስና በነጠላ ለሚሄድ ልጅ አይሰጥም፤ በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ስጦታ ይዋል።

ማኅተሙን መሥራት

ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጅ ጋር የሚሠራ ሰው ከቆርኪ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ በኩል ሲታተም ዙሪያው የተከረከመ ቀለበት ይሰጣል፤ ልጁ መሐሉ ላይ በጠቋሚ ጣቱ አንድ ነጥብ ሲጨምርበት አበባ ይመስላል። በቆላው ድሬዳዋ አደይ እንደ ደጋው ሜዳውን ሞልቶ ስለማይታይ፣ ትንንሾቹ ለእንቁጣጣሽ አደይ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ በእርድ የተነከረ ጣት መሐሉን ዞሮ ቅጠሎቹን ያትማል፣ መሐሉን ደግሞ የቡና ቀለም ይሞላዋል።

ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ራሱ ሙሉ የማኅተም መደብር ነው። ባሚያ ወደ ጎን ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አምስት ክፍል ኮከብ ይወጣዋል፤ ማንም ሰው ሳይቀርጸው እንዲህ ያለ ንጹሕ ኮከብ የሚሰጥ ሌላ አትክልት አላውቅም። ወፈር ያለውን ይምረጡ፣ ጭራውን ለመያዣ ይተዉለት፣ ከቆረጡትም በኋላ የሚያጣብቀው ፈሳሽ እንዲወጣ ለሩብ ሰዓት ጨርቅ ላይ በአፉ ይድፉት። ግማሽ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ውስጥ ያትማል፤ የሰላጣ ሥር ከቅጠሎቹ በታች ሲቆረጥ ጽጌረዳ ይመስላል። ቃርያ ግን ቀለበቱ ቆንጆ ነው ብለው እንዳይሰጧቸው፤ ልጅ በሥራ መሐል ዓይኑን ማሸቱ አይቀርም።

ድንች የራስን ንድፍ ለመቅረጽ ነው። መካከለኛ ድንች በአንድ ምት፣ ሳይመላለስ፣ በሹል ቢላ ለሁለት ይከፈል፤ የተቆረጠው ፊት ወጣ ገባ ከሆነ አንዱ ጎን ይታተማል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። ልጁ በቢክ እስክሪብቶ ንድፉን ፊቱ ላይ ይሣል፤ አዋቂው በዙሪያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እየጠረበ ያውጣው። ጀርባውን በሁለት ጎን ጠርቦ እጀታ ማውጣት ለትንሽ እጅ ትልቅ እርዳታ ነው፣ አለበለዚያ ድንቹ ከጣታቸው እያመለጠ ምልክቱን ያበላሸዋል። የተቀረጸው ፊት ለአሥር ደቂቃ ጨርቅ ላይ መደፋት አለበት፤ የድንቹ ውሃ ቀለሙን ስለሚያቀጥነው የመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች የሚደበዝዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለብዙ ዓመት የሚቆይ ማኅተም የሚወጣው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። ሶሉ ለስላሳ ስፖንጅ ስለሆነ በመቀስ ወይም በምላጭ ይቆረጣል፣ ቀለም ይይዛል፣ ታጥቦ ይደርቃል። ምላጩን የሚይዘው አዋቂ ብቻ ነው። የተቆረጠው ቅርጽ በጠንካራ ማስቲሽ በቁራጭ እንጨት ላይ ይጣበቃል፤ ማስቲሹ ሙሉ ቀን ካልደረቀ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። ከአምስት ዓመት በፊት የሠራነው የግማሽ ጨረቃ ማኅተም እስከ ዛሬ ለዒድ ይወጣል።

ንድፍ ከየት ይገኛል

ሐረር ከእኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች ልጆቹን ይዤ በዓመት አንድ ጊዜ እወጣለሁ፤ ለንድፍ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌት ተጠግቶ ማየት ያስፈልጋል። ስፌቱ ከመሐሉ ተነሥቶ ዙር በዙር እየሰፋ ሲሄድ፣ ባለቀለሙ አለላ በየዙሩ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ወደ ጎን እየፈቀቀ ይገባል፤ መሰላልና ጥርስ የሚመስለው፣ ደረጃ እየሠራ የሚወጣው ሦስት ማዕዘን የሚገኘው ከዚህ ፈቀቅታ ነው። ስፌቱን የምትሰፋው ሴት በእያንዳንዱ ዙር የምትቆጥረውን ልጆቹ አብረው ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ መደጋገም ሥዕል እንደሚሆን በቃል ከምነግራቸው ይልቅ እዚያ ይገባቸዋል። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል፣ ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየምም ስፌት፣ ጌጥና አልባሳት ስላለው ለዚህ ይጠቅማል።

ከስፌቱ የምንወስደው አንድ አራት ማዕዘንና አንድ ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን፣ በየመስመሩ በግማሽ ስፋቱ ወደ ቀኝ እየፈቀቀ ሲታተም ያው የስፌት ደረጃ ይወጣል። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች ወደውታል፤ ከድንች የተቀረጸ አንድ ቅስት በአምስት ቀለም ጎን ለጎን ይታተምና ረድፉ ይደጋገማል። የጀጎል ግድግዳዎች አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ እየተቀቡ የሚኖሩ ስለሆነ ቀለሙንም ከዚያው መውሰድ ይቻላል።

በዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። መጠቅለያ ይቀደዳል፣ ይጣላል፣ ይረገጣል። ስለዚህ መስቀል፣ የፈጣሪ ስም ወይም ከቅዱሳን መጻሕፍት የተወሰደ ቃል አይታተምበትም፤ ሙከራ ላይ የሚውለው ጋዜጣም ቢሆን ይታይ። አበባ፣ ኮከብ፣ ቅስትና የስፌት ደረጃ ለገናም ለዒድም ይሆናሉ፤ በአንድ ግቢ ሁለቱንም በዓላት አብሮ ለሚያከብር ልጅ ይህ ምቾትም ነው።

ማተም

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሙቀቱ ሥራውን ይወስነዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይቆረፍዳል። ቆርፍዶ ካስቸገረ በአንድ ስኒ ቀለም ላይ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን 3 ወይም 4 ጠብታ መጨመር እርጥበቱን ያቆይለታል፤ ከበዛ ግን ወረቀቱ ላይም አይደርቅም። ቬንቲሌተሩ ይጥፋ። ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ይህ ችግር የለም፤ እዚያ የሚያስቸግረው በክረምት ቀለሙ ቶሎ አለመድረቁ ነው።

ወለሉ ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ፣ በላዩ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ታጥፎ ይቀመጥ፣ ከዚያ የሚታተመው ወረቀት ይዘርጋ። ብርድ ልብሱ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ከሥር ልስላሴ ሲኖር የማኅተሙ ፊት ሁሉ ወረቀቱን ይነካል፤ በጠንካራ ሲሚንቶ ላይ ግን መሐሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የወረቀቱ አራት ጥግ በድንጋይ ወይም በጣሳ ይያዝ።

ማኅተሙ በቀጥታ ቀለም ውስጥ አይነከርም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጠው ሳህን ላይ ያድርጉ፣ ሁለት ማንኪያ ቀለም ያፍስሱበትና እስኪጠጣው በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት። ልጁ ማኅተሙን ስፖንጁ ላይ ሁለቴ መታ ያደርጋል፣ አንዴ ጋዜጣ ላይ ይሞክራል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ማሳረፉ እንዲህ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሳይገፉ በመዳፍ መጫን፣ እስከ ሦስት መቁጠር፣ ቀጥ አድርጎ ማንሣት። ባሚያው ሲነሣ ቀለሙ ለቅጽበት ይስባልና ስስ የሆነች የመላቀቅ ድምፅ ይሰማል፤ የስድስት ዓመቷ ልጄ ያን ድምፅ ለመስማት ትንፋሿን ይዛ ታነሣዋለች፣ በዚህም ምክንያት ከሁላችንም ይልቅ የእርሷ ኮከብ ይጠራል።

አቀማመጡ እንደ ጡብ አደራደር ይሁን። የመጀመሪያው ረድፍ በወረቀቱ መሐል ይታተማል፣ በምልክቶቹ መካከል የልጁ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተዋል። ቀጣዩ ረድፍ ከላይ ካለው ክፍተት ትይዩ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ዓይን አይይዘውም፤ ቀጥታ በሰልፍ የቆመ ንድፍ ግን እያንዳንዱን ስህተት ያሳያል። መስመር ማስመር የሚፈልግ ትልቅ ልጅ ካለ ሁለት ሰዎች ክር ወጥረው እንዲይዙለት አድርጉ፤ የእርሳስ መስመር በስሱ ቀለም ሥር ይታያል። ሁለተኛ ቀለም የሚጨመረው የመጀመሪያው ሲነካ እጅ ላይ የማይወጣ ሲሆን ብቻ ነው።

ከአንድ ትልቅ ሉህ በላይ በአንድ ጊዜ አይስጧቸው። ትንንሾቹ ከሠላሳ ወይም ከአርባ ምልክት በኋላ ይደክማሉ፣ መታ መታ ማድረጋቸውም ወደ ጥፍጠፋ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ ውሃ ጠጥተው መመለስ፣ ወይም ከወንድም ጋር መቀያየር ይሻላል። የጠመመውን ምልክት እርስዎ አያቃኑት። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጃቸውን እየያዝኩ አስተካክል ነበር፤ «እማዬ፣ አቦ ተይኝ፣ የኔ ነው» ያለችኝ ልጄ ናት፣ ትክክልም ነበረች። የታየው ጠማማ ምልክት ስጦታው የማን እንደሆነ ለአያት ይነግራቸዋል።

ማድረቅና ማቃናት

ወረቀቱ ጥላ ሥር በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይንጠልጠል፤ በድሬዳዋ ግማሽ ሰዓት፣ በሐረር ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሙጫው በአንድ ጎን ስለሚስበው ነው። ከጀርባው በኩል፣ ያለ እንፋሎት፣ በለብታ የልብስ መተኮሻ ማቃናት፣ ወይም ማታውን ከፍራሽ ሥር ማሳደር ያስተካክለዋል።

መቁረጥና መጠቅለል

ወረቀቱ ስንት እንደሚያስፈልግ በግምት የሚቆርጥ ሰው ያን ሁሉ የልጅ ድካም በመቀስ ያባክነዋል። ልኩ ቀላል ነው። የሳጥኑ ስፋትና ቁመት ተደምሮ በሁለት ይባዛል፣ ለመደራረቢያ 3 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፤ ይህ አንዱ ጎን ነው። ለሌላው ጎን የሳጥኑ ርዝመት ላይ የቁመቱ ሦስት አራተኛ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ለምሳሌ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሳጥን፣ 15 እና 6 ሲደመሩ 21፣ በሁለት ሲባዛ 42፣ ከመደራረቢያው ጋር 45 ይሆናል፤ በሌላው በኩል 20 ላይ 4.5 ሁለት ጊዜ ሲጨመር 29 ይመጣል። ከአራት የኤ4 ሉህ የተሠራው ወረቀት ይህን ሳጥን አዳርሶ ይተርፋል። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ስሌቱን ራሱ ይሥራው።

ሳጥኑ የላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ በወረቀቱ መሐል ይቀመጣል፤ አንዱ ጠርዝ ይመጣና ይያዛል፤ ሌላው ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ በላዩ ይደረባል፤ ይህቺ ትንሽ እጥፋት የመቀስን ወጣ ገባነት ስለምትደብቅ አትዝለሏት። በጫፎቹ በኩል መጀመሪያ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ከዚያ የላዩ፣ በመጨረሻ የታቹ ክንፍ ይታጠፋል። እያንዳንዱ እጥፋት በጥፍር ወይም በማንኪያ እጀታ ሲዳመጥ ማእዘኑ ይጠራል። ልጁ ይዳምጠው፤ ይህን ሥራ ሁሉም ይወዱታል።

ሣጥን ለሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ለግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ለባቢሌ ለውዝ፣ ከረጢት ይሠራል። ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ሁለት ጎኑ ወደ መሐል ታጥፎ በ2 ሳንቲ ሜትር መደራረቢያ ይጣበቃል፤ 19 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይሆናል። ከታች 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፍ፣ ተመልሶ ይከፈት፣ ሁለቱ ማእዘኖች ወደ ውስጥ ይጫኑ፣ የቀሩት ሁለቱ ክንፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይጣበቅ።

የሚበላ ነገር ግን የታተመውን ወረቀት በቀጥታ አይነካም። የማእድ ቤት ቀለም ቢሆንም ሙጫው፣ የልጁ እጅና ወለሉ ነክተውታል። ሐልዋውና ሙሸበኩ መጀመሪያ በንጹሕ የቅቤ ወረቀት ይጠቀለል፤ የተቆላ ቡናና ለውዝም ዘይታቸው ወጥቶ ወረቀቱን እንዳያረጥበው በንጹሕ ከረጢት ይግቡ።

ማሰሪያው

ሪቫን መግዛት አያስፈልግም። ሐረር ውስጥ በልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የተሰየመውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ብትጎበኙ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሥራቸው የሚተርፈውን የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ሳይከራከሩ ይሰጣሉ፤ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተቀድዶ ይታሰራል። ድሬዳዋ ላሉ በየሰፈሩ ያለ ልብስ ሰፊ ይበቃል። በክሩ ጫፍ ከተረፈው ወረቀት የተቆረጠች ካርድ ትንጠልጠል፤ ልጁ የራሱን ስም በራሱ እጅ ይጻፍባት፣ ፊደሉ ቢገለበጥም ይቅር።

የተረፈው ሉህ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የዱቄት ሙጫ በረሮ ይጠራልና ከቁም ሣጥን ሥር አይደር። ማኅተሞቹ በለብ ያለ ውሃ ታጥበው ይደርቁ፤ ድንቹና ባሚያው ለግቢው ፍየል መሰጠታቸው ቀለሙ የውሃ ቀለም ከነበረ አይሆንም፣ ወደ ቆሻሻ ይሂዱ።